«በሚመጣው ወር እሄዳለሁ»



ባለፈው ሰሞን በመምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ታመመ ወዳጁ አንሥቶ «በሚመጣው ወር ሄጄ እጠይቀዋለሁ» አለ። እኔም ይህንኑ ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ስደጋግመው የኖርሁ ሰው ነኝና ዝም ለማለት አልቻልሁም። ስለዚህ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የደረሰብኝን በዚህ ዓምድ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት አብሮኝ ያደገ፥ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ይዘን ያነበብን ወዳጅ አለኝ። ሁለታችንም መምህራን ሆነን እኔ በአዲስ አበባ ቀረሁ፤ እርሱ ግን 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ደብረ ሲና ተመደበ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ በማለዳ የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። እኔ ግን ፈተና ልረም፥ ስብሰባው ይለፍ፥ ደመወዝ ይውጣ እያልሁ ሳልሄድ ቀረሁ። በመጨረሻ አንድ ማታ ስልክ ደውሎ፤ «ዓይኔ እየከዳኝ ነው፤ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ መልክህን ልየው፤ ና» አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሞተር ቢስክሌቴን አስነሥቼ ወጣሁ። ካቴናው መላላቱን ካወቅሁ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ ነገር ግን ስመለስ አሠራዋለሁ ብዬ ተውሁት።

ሰንዳፋንና አለልቱን በደኅና አለፍሁ። ሸኖ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ የኋላ ጎማዬን ሚስማር ወግቶት ተነፈሰ። መለዋወጫ ካላማዳሪያ አልያዝሁም። አንድ ሰዓት ያህል ሞተሩን እየገፋሁ ሄጄ ጎሚስታ አገኘሁ። ልጁ ለጥፎ ሲጨርስ «ጋሼ፥ ጎማው እኮ ራሱ አልቋል፤ ሚስማሩ ምን ያድርግ?» አለኝ። አፈርሁ።

ጫጫን ካለፍሁ በኋላ ደግሞ ሞተሩ እንደ በሽተኛ ይስል ጀመር፤ ጉልበትም አጣ። ደብረ ብርሃን እንደ ምንም ደርሼ አንድ መካኒክ ዘንድ ብሄድ ካንዴላውን ፈትቶ አሳየኝ፤ ጥላሸት መስሏል። ከተማው 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አየሩ ሲያንስና ቤንዚኑ ሲበዛ ሳይቃጠል የሚቀረው ካንዴላውን ያጠቁረዋል። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በደጋው ላይ ማላከክ አልቻልሁም፤ የአየር ማጣሪያውም በአቧራ ተደፍኖ ኖሯል። «ይህን ለመጨረሻ ጊዜ ያጸዳኸው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

ሦስተኛው ግን የባሰ ሆነ። ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ያ የተውሁት ካቴና ተበጠሰ። ያ ስፍራ ከ3000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለት ሰዓት ያህል ከመንገድ ዳር ቆሜ ቆየሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆመልኝና ከረዳቱ ጋር ሞተሩን አንሥተው ጫኑልኝ። ገንዘብ ብሰጠው «መምህር፥ ልጆቻችንን የሚያስተምር ሰው ከመንገድ ወድቆ አይቀርም፤ ኪስህ ይቀመጥ» ብሎ እምቢ አለኝ። ጣሊያን በወረራው ዘመን በቆፈረው፥ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው ዋሻ ውስጥ ገብተን በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ቀኑ መሽቶ ነበር።

ወዳጄ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የትንሽ ልጁን እጅ ይዞ ከመንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀኝ ኖሯል። በድምፄ ለየኝ። አቅፎኝ ከቆየ በኋላ «ማታ ማታ አላይም፤ በጊዜ ትደርሳለህ ብዬ ነበር፤ እንግዲህ ነገ አይሃለሁ» አለኝ። አንድ የላላ ካቴና ከወዳጄ ላይ የነጠቀውን ቀን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሌሊቱን ሁሉንም አጫወተኝ። በሽታው ግላኮማ ይባላል። በብዙ ሰው ላይ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ፥ የምናየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ጅማት ይጎዳዋል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ብርሃኑ ከዳር ከዳር እየጠፋ ወደ መካከል ይመጣል እንጂ ባንድ ጊዜ አይጨልምም። ወዳጄም በር ሲያልፍ ትከሻውን ይገጨው፥ ከጎኑ የቆመውን ተማሪ ሳያይ ይቀር ጀመር። አባቱም በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ምች ነው ተብሎ ታለፈ። እርሱም ስላላመመው «ለክረምቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ሄጄ እታያለሁ» እያለ ሦስት ክረምት አሳለፈ። ሐኪሙ የነገረው፥ ጠብታውና ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው እንጂ የጠፋውን አይመልስም ብሎ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከደጅ በፀሐይ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ራሱን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ግንባሬን፥ ዓይኔን፥ አገጬን ተራ በተራ ተመለከተ። በመጨረሻም «ሸብተሃል!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ዛሬ እርሱ የሚለየው ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። ወንድሞቹና እኅቶቹ ግን በምክሩ ሁሉም ተመረመሩ፤ ታናሽ እኅቱም በሽታው ገና ሲጀምር ተገኝቶባት በጠብታ ተጠብቃ ደኅና ታያለች።

በትምህርት ቤታችን መብራት ሲጠፋ በፋኖስ እናጠና ነበር። አስተማሪያችን ብርጭቆውን ገና በቀን ያስወለውሉን ነበር፤ ከመሸ በኋላ ጥቀርሻውን ማን ያየዋል ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ቅጣት ይመስለን ነበር።

አንባቢያን ሆይ፤ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በጠረጴዛችን ላይ «በቀጠሮ ይቆይ» ማለትን ለምደናል። ወረቀት ቢቆይ ይቆይ ይሆናል። በቤተ ሰቡ ዓይነ ስውር የነበረበት ሰው ግን ባያመውም ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ሩቅ አገር ወዳጅ ያለውም ካቴናውን አጥብቆ በዚህ ቅዳሜ ይነሣ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአዲስ አበባ