ሐይቁ ይሻላል ወይስ አክስት?

ሰው ብቻውን ሲሆን ከተማ መምረጥ ቀላል ነው። አየሩ ተስማማኝ፣ ደመወዙ ይበቃኛል፣ ማታ ማታም የሚኬድበት አይጠፋም ብሎ ሻንጣውን ይሸክማል። ካልተመቸው ተመልሶ ይመጣል። ሕፃን ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስቲ ዛሬ ስለዚሁ እንጫወት።

ለዚህ ያነሳሳኝ የአንዲት የአዲስ አበባ እናት ደብዳቤ ነው። የባሏ መሥሪያ ቤት ከሁለት ቅርንጫፎች አንዱን ምረጥ ብሎታል፤ አዳማ ወይም ሐዋሳ። ልጃቸው ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ባል «ሐዋሳ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ይላል። ሚስት ደግሞ አዳማ ትላለች። ምክንያቷ የባሏ ታላቅ እህት እዚያ መኖሯ ነው። (የባሏን እህት ጉርብትና ፈልጋ የምትሟገት ሚስት ብዙ አላጋጠመኝም፤ ብቻ ይሁን።) «እኔ ሥራዬን ለቅቄ ነው የምከተለው። እዚያ ሥራ ባገኝስ ልጄን ለማን ነው የምጥላት?» ትላለች። በዚህ ነገር ከተኮራረፉ ሁለተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል።

ባልየውን አልፈርድበትም። ሐዋሳን አንዴ ያየ ሰው ልቡ እዚያው ይቀራል። ሰፋፊ ጎዳና፣ ለብስክሌት የተመቸ ሜዳ፣ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር ሽርሽር። አዳማ በዚህ በኩል አይወዳደራትም። ሙቀትና አቧራ፣ የባጃጁና የከባድ መኪናው ግርግር ይበዛባታል። ግን እኮ የሦስት ዓመት ልጅ ከተማ ውስጥ አትኖርም! የምትኖረው በቤቷ፣ በግቢዋና እስከ ሱቁ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሐይቁ ለእሁድ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ማን አሰበበት?

መጀመሪያ ትኩሳትን እናንሳ። በአገራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በአብዛኛው የወባ አካባቢ ተብሎ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። አዳማም ሐዋሳም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። የአዲስ አበባ ሰው ልጅ ሲያተኩሳት «ብርድ መቷት ነው» ብሎ አጃ ያጠጣል፤ እዚያ ግን ይህ አይሠራም። በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ ልጅ ካተኮሳት በዚያው ቀን ደሟ ይታያል። ነገ ጠዋት እናየዋለን አይባልም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይ ወባ ፈጥኖ ይከፋል፤ ደጋ ላይ ያደገች ልጅ ደግሞ በሽታውን የለመደ ሰውነት የላትም። አጎበሩ ከአልጋው ጋር አብሮ ይጫን።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ይህን ብዙ ወጣት ወላጅ ሰምቶት አያውቅም። ሁለቱም ከተሞች ያሉት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ጉዳቱ ጥርስን ማበለዝ ነው፤ ሲበረታ አጥንትም ይጎዳል። ለአዳማ ጎረቤት በሆነችው በወንጂ የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ልጆችን ጥርስ ያየ ሰው ይህ ወሬ እንዳልሆነ ያውቃል።

ታዲያ አዋቂው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ጥርሱ በቅሎ አልቋል። የልጅቷ ቋሚ ጥርስ ግን ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው፣ እስከ ስምንት ዓመቷ ግድም። አሁን የምትጠጣው ውሃ ውጤቱ የሚታየው ትምህርት ቤት ገብታ ስትስቅ ነው። ደግሞም እናፈላዋለን እንዳትሉ! ማፍላት ተሕዋስ ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ ኪራዩን ከመጠየቃችሁ በፊት «ውሃው የቧንቧ ነው የጉድጓድ? ከየት ነው የሚመጣው?» በሉ። አከራዩ ቢያድበሰብስ እዚያው ግቢ ያደጉትን ልጆች ጥርስ እዩ።

አሁን ወደ አክስቷ ልመለስ። እኔ የሚስትየውን ወገን ነኝ። ሰው «ዘመድ ይጠቅማል» ሲል ቡናና አኩርፎ መታረቅ ይመስለዋል። እዚህ ግን አክስት ማለት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚከፍተውን ክሊኒክ የምታውቅ፣ የትኛው ሰፈር ውሃ እንደሚጠጣ የምትናገር፣ ሞግዚቷ ሳትናገር ብትጠፋ ልጅቷን የምትቀበል ሰው ማለት ነው። አዳማ ለአዲስ አበባ ቅርብ መሆኗም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ አያት ጠዋት ተነሥታ ለምሳ ትደርሳለች። ሐዋሳ ግን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ቀኑን ይበላል።

ግን አንድ ነገር አለ። አክስትየዋ ተጠይቃለች ወይ? ደብዳቤው ላይ ይህን አላገኘሁም። እሷም የራሷ ኑሮ፣ የራሷ ሥራ ይኖራታል። ሳትጠየቅ ሞግዚት የተደረገች የባል እህት በስድስት ወር ውስጥ ጠላት ትሆናለች። ጠያቂዋም ሚስት መሆን የለባትም፤ ወንድሟ ራሱ ደውሎ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ብሎ በግልጽ ይጠይቃት። «አልችልም» ካለች አዳማ የምትበልጠው በመንገዱ ብቻ ነው፤ ያኔ የባልየው ሐይቅ እንደገና ይታሰባል።

የትምህርት ቤቱን ነገር በአጭሩ። አዳማ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፤ ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ትምህርቱ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ ከየትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠይቁ። ልጅቷ አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ ብትለምድ ግን ይህን እንደ ጉዳት የሚቆጥር ወላጅ አይገባኝም። በዚህ ዕድሜ ቋንቋ ከሰፈር ልጆች ጋር አፈር ላይ ነው የሚለመደው፤ የሚቸገሩት እናትና አባት ናቸው።

እህቴ፣ ከማኩረፉ ይልቅ እንዲህ አድርጉ። የአዲስ አበባውን ቤት ሳትለቁ፣ ባለቤትሽ ለመሥሪያ ቤቱ መልስ ሳይሰጥ፣ ልጅቷን ይዛችሁ በሁለቱም ከተማ አምስት አምስት ቀን ተቀመጡ። ሆቴል አይሁን፤ ልትከራዩ ያሰባችሁበት ሰፈር ይሁን። ሐዋሳ ላይ ሐይቁን በመጨረሻው ቀን እዩት።