ከቦሌ እስከ ጂዳ፦ የሁለት ሰዓት በረራና የሚቃት ጉዳይ

በሳሪስ አቦና በአካባቢው ለሐጅና ለዑምራ የሚዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ። «አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ኢሕራሙንስ ጂዳ ስንደርስ ብናደርግ ምን አለበት?» ይሉናል። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያለው በመጀመሪያው ውስጥ ነው።

ከቦሌ እስከ ጂዳው ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጂዳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት። ካርታ ላይ ማስመሪያ ብናስቀምጥ መስመሩ በአስመራ በኩል አልፎ ቀይ ባሕርን ይሻገራል። ድሮም ብዙ ሑጃጆች ምፅዋ ወርደው በጀልባ የተሻገሩት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። አውሮፕላን ግን ሁልጊዜ በማስመሪያ አይሄድም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት እስከ 2010 ዓ.ም. እርቅ ድረስ የእኛ አውሮፕላኖች የኤርትራን ሰማይ ትተው ይዞሩ ነበር። ያም ሆነ ይህ በአየር ላይ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ግድም ነው። የሳዑዲና የእኛ የሰዓት ክልል አንድ ስለሆነ ከጧቱ 4 ሰዓት የተነሳ መንገደኛ 6 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ትኬቱ ላይ ግን 10 ሰዓት ተብሎ ይጻፋልና አዛውንቶቻችን እንዳይሳሳቱ ልጆች ያስረዷቸው።

አሁን ወደ ሚቃቱ እንምጣ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለየአቅጣጫው ሚቃት ሲወስኑ ለየመን ሰዎች የለምለምን ሰጥተዋል። ሐበሻ በስም አልተጠቀሰችም። በሚቃት ላይ የማያልፍ መንገደኛ ከሚቃቱ ትይዩ ሲደርስ ኢሕራም ያደርጋል። ዑመር (ረ.ዐ) ለዒራቅ ሰዎች ዛቱ ዒርቅን የወሰኑት በዚሁ መሠረት ነው። የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ1986 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን የሚመጣውም ቢሆን ይህንኑ እንዲጠብቅ ወስኗል። ጂዳን ራሷን ሚቃት ያደረጉ ዑለማዎች አሉ፤ የብዙኃኑ አቋም ግን አይደለም፤ እኛም ጥንቃቄውን እንመርጣለን።

የለምለም ከመካ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከደቡብ የሚመጣው አውሮፕላን ትይዩዋን የሚያልፈው ባሕሩ ላይ ሳለ፣ ለማረፍ ዝቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር በደቂቃ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ዐሥር ደቂቃ ያንቀላፋ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አለፈው ማለት ነው! አብራሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብለው ያስታውቃሉ። ማስታወቂያው ካልተሰማ ከማረፉ ግማሽ ሰዓት በፊት መነየት ይበጃል፤ ከሚቃት ቀድሞ መነየት ኢሕራሙን አያበላሽም።

ስለዚህ ገላን መታጠብ ከቤት ነው። ወንዶች ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ከቤት ወይም ቦሌ ላይ ይልበሱ፤ ኒያውና ተልቢያው አየር ላይ ይሁን። ጨርቁን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የከተተ ሰው ጂዳ እስኪደርስ አያገኘውም። በእጅ ሻንጣ ቢይዘው እንኳ በጠባቧ የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ይህን ሁሉ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ማስተናገድ አይቻልም። ሴቶች የተለየ ልብስ የለባቸውምና ጉዳዩ ይቀላቸዋል። ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ወደ ሚቃቱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰና ካለፈ በኋላ ኢሕራም ካደረገ በግ ወይም ፍየል ማረድ አለበት።

በቅድሚያ ወደ መዲና የሚበር ግን ይህ አይመለከተውም። መንገዱ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዘወትር ልብሱን ለብሶ ይሄዳል፤ ኢሕራሙን የሚያደርገው ከመዲና ወደ መካ ሲነሳ፣ ዙልሑለይፋ ላይ ነው።