አሮጌ አስፋልት እንዴት ዳግም መንገድ ይሆናል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በግንጪና በአምቦ አልፎ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው መንገድ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋነኛ የንግድ መስመር ነው። የአርሶ አደሩ ጤፍና ስንዴ ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ደግሞ ወደ ገጠር የሚጓጓዙት በዚሁ መስመር ነው። እንዲህ ያለ መንገድ አርጅቶ አስፋልቱ ሲነሳ፣ የሚወጣው ቁራጭ ብዙውን ጊዜ እንደ ቆሻሻ ይቆጠራል። ይሁንና ታክሞ ዳግም ለመንገድ ሊውል የሚችል ሀብት ነው።

አስፋልት ለምን ያረጃል?

ከአስፋልት ድብልቅ ክብደት 95 በመቶ ያህሉ የተፈጨ ድንጋይና አሸዋ ሲሆን፣ 5 በመቶ ገደማው ድንጋዩን አጣብቆ የሚይዘው ሬንጅ ነው። የሚያረጀው ድንጋዩ ሳይሆን ሬንጁ ነው። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር በተፈራረቁበት ቁጥር በሬንጁ ውስጥ ያለው ዘይታማ ክፍል እየተመናመነ፣ ጠጣሩ ክፍል እየበዛ ይሄዳል። በመጨረሻም ቅባት እንዳላገኘ ቆዳ ደርቆ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይሰነጠቃል።

ይህ በቤተ ሙከራ ይለካል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው ሬንጅ ላይ 100 ግራም የተጫነበት መርፌ ለ5 ሰከንድ ይለቀቃል። 60/70 የሚባለው አዲስ ሬንጅ መርፌውን ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያስገባል፤ ክፉኛ ያረጀው ግን 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ላያስገባ ይችላል።

ሕክምናው

በመጀመሪያ አሮጌው አስፋልት በመፋቂያ ማሽን ይነሳል፤ ከዚያም ተፈጭቶና ተበጥሮ ዝናብ በማያገኘው ስፍራ ይከማቻል። እሳት በቀጥታ ካገኘው ሬንጁ ስለሚቃጠል፣ በማምረቻው ውስጥ አዲሱ ድንጋይ በብርቱ ግሎ አሮጌውን እንዲያሞቀው ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የጎደለውን ቅባት የሚተካ ማደሻ ዘይት ይጨመራል። ማደሻው ከነዳጅ ተዋጽኦ፣ ከዕፅዋት ዘይት ወይም ተጣርቶ ከተዘጋጀ ያገለገለ የምግብ ዘይት ሊሠራ ይችላል።

መጠኑ በቤተ ሙከራ መወሰን አለበት። ካነሰ መንገዱ እንደ ደረቀ ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ ይለሰልስና የመኪና ጎማ ቦይ ያወጣበታል። ስለዚህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በግምት ማፍሰስ ጥገና አይደለም፤ አስፋልቱን ያበላሻል፣ ከጎርፍ ጋር ወርዶም ማሳንና ወንዝን ይበክላል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

7 ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ከ800 ቶን በላይ ይመዝናል። በውስጡም 40 ቶን ያህል ሬንጅ ይገኛል። ኢትዮጵያ ሬንጅን የምታገኘው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ነው። ድንጋዩም ቢሆን የሚወጣው ከካባ ነው፤ ካባ በተስፋፋ ቁጥር ደግሞ የእርሻና የግጦሽ መሬት ይጠብባል። በአሜሪካ አዲስ ከሚመረተው የአስፋልት ድብልቅ በአማካይ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከአሮጌ አስፋልት የተገኘ ነው።

ማደሻ ዘይት የማይፈውሰው

የመንገድ ስንጥቅ ሁሉ ግን ከሬንጅ እርጅና የሚመጣ አይደለም። በግንጪና አካባቢው በስፋት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መንገድ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ሲያርፍ አስፋልቱ ገና ሳያረጅ ሊሞገግና ሊሰምጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ላዩን ማደስ ገንዘብ ማባከን ነው። አስቀድሞ አፈሩ መለወጥ ወይም በኖራ መጠንከር፣ ውኃውም መውረጃ ማግኘት አለበት።

መረሬ የሚያርሰው ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰፊ መደብና ቦይ አውጥቶ ማሳውን የሚያጠነፍፈው፣ ውኃ የተኛበት አፈር ሰብል ስለማይሸከም ነው፤ መንገድንም አይሸከምም። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ያለውን ቦይ በእርሻ አለመድፈን፣ በከተማም ቱቦውን በቆሻሻ አለመዝጋት የጥገናው አካል ነው።

መንገድ ሲታደስ ነዋሪው ሁለት ነገሮችን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ጉዳቱ ከላይ ነው ወይስ ከሥር? ሁለተኛ፣ የተነሳው አስፋልት የት ይሄዳል? የመጀመሪያው ጥያቄ ከተመለሰ፣ ለሁለተኛው መልስ ማግኘት አይከብድም።