በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር?

የደብረ ታቦር ጠዋት ብርድ ነው፤ ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርዱ የላብራቶሪ ሥራም ውስጥ ይገባል። የምርመራ ክፍሉ ሙቀት ከ18 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በቬስተርግሬን ቱቦ ውስጥ የቆመው ደም አዝግሞ ይዘቅጣል፤ ውጤቱም ከእውነቱ ያንሳል።

ስዊድናዊው አልፍ ቬስተርግሬን እ.ኤ.አ. በ1921 ያስተዋወቀው ይህ ምርመራ ቀላል ነው። አራት እጅ ደም ከአንድ እጅ ሶዲየም ሲትሬት ጋር ተቀላቅሎ በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ ቀይ ሕዋሳቱ ስንት ሚሊሜትር እንደ ወረዱ ይነበባል። ሐኪሞች «ኢኤስአር» የሚሉት እሱን ነው። ሰውነት ውስጥ መቆጣት ሲኖር ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ያበዛል፤ ሕዋሳቱ እንደ እንጀራ ይደራረቡና ቶሎ ይወርዳሉ።

ቁጥሩ በብርቱ ከሚፈለግባቸው ሕመሞች አንዱ፣ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሚኪቶ ታካያሱ እ.ኤ.አ. በ1908 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧና ቅርንጫፎቹ ይቆጣሉ፤ ግድግዳቸው ወፍሮ መተላለፊያው ይጠባል። የሚበዛው በወጣት ሴቶች ላይ ነው። ልብስ ስታጥብ ክንዷ እየዛለ የምታቋርጥ፣ የእጇ ትርታ የጠፋ ሴት የሁለቱም ክንዶቿ የደም ግፊት ሊለካ ይገባል።

ቁጥሩን ብቻ ማመን ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ፣ 60 የታካያሱ ሕሙማንን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ ሕመሙ ከተቀሰቀሰባቸው መካከል ኢኤስአር ከፍ ብሎ የታየው በ72 በመቶው ብቻ እንደ ነበር ያሳያል፤ ጋብ ብሎላቸዋል ከተባሉትም በ44 በመቶው ከፍ ብሎ ነበር። ስለዚህ ሕመሙ የሚታከምበት መድኃኒት፣ የፕሬድኒሶሎን፣ መጠን በአንድ ወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ብቻ ሲቀነስ ወይም ሲጨመር እጅግ ያሳስበኛል።

በእኛ አገር ደግሞ ቲቢ፣ የደም ማነስና እርግዝና ኢኤስአርን ከፍ ያደርጋሉ። በአንዲስ ተራሮች እንደሚታየው በከፍታ የወፈረ ደም በአንጻሩ ዝግ ብሎ ይዘቅጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠን ከቆላ ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። ስለዚህ የደጋ ሰው ኢኤስአር ዝቅ ሲል «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሲአርፒ የተባለው ሌላው ምርመራ ይፈጥናል፤ መቆጣት በተነሣ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ ሲበርድም በቀናት ይወርዳል። ኢኤስአር ለመውረድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ሁለቱ ሲለያዩ ትርታውንና የሁለቱን ክንዶች ግፊት መልሶ ማየት፣ ሲቻልም ቧንቧውን በአልትራሳውንድ መመልከት ያስፈልጋል።

አንድ ችግር ይቀራል። ለኢኤስአር የተቀዳ ደም በክፍል ሙቀት ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ከጋይንት ወይም ከስማዳ ገጠር ደሙን ወደ ደብረ ታቦር መላክ ስለማያዋጣ ታማሚዋ ራሷ መምጣት አለባት፤ ስትመጣም ያለፉት ውጤቶቿ የተጻፉበትን ደብተር ይዛ።