የቁንዱዶ ፈረሶችና የውርንጭሎቻቸው ዕጣ

የኮልፌ ቀራኒዮ ሰው ፈረስ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት ጋሪ የሚጎትት ወይም ጭነት የተሸከመ እንስሳ ነው። ከሆለታና ከቡራዩ የሚመጣው የአምቦ መንገድም ሆነ በዓለም ገናና በአየር ጤና በኩል የሚገባው የጅማ መንገድ ምዕራብ አዲስ አበባን ከገጠሩ ጋር ያገናኙት በመኪና ብቻ አይደለም፤ እንጨቱም ጭዱም እህሉም ለብዙ ዘመን በጋማ ከብት ጀርባ ገብቷል። ይኸው ሰው የሚያውቀው ሌላም ፈረስ አለ፤ ጉልበቱ አልቆ ወይም ጀርባው ቆስሎ ባለቤቱ የለቀቀው፣ በቀለበት መንገዱ አካፋይ ላይ ቆሞ የሚውል፣ ሲመሽ የሚገባበት የሌለው። ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ፣ ኮርቻም ልጓምም ሳይነካው በራሱ መንጋ ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎና ተራብቶ የኖረ ፈረስ በኢትዮጵያ ምድር መኖሩን ግን ብዙ የከተማ ሰው አልሰማም። አገሩ ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ ተራራው ቁንዱዶ ይባላል።

ቁንዱዶ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ አቅጣጫ፣ በጉርሱም ወረዳ፣ ከፉኛን ቢራ ከተማ አጠገብ የሚገኝ፣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ አምባ ነው። ጎኑ ገደል፣ አናቱ ለጥ ያለ የሣር ሜዳ ነው። ፈረሶቹ ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ አፈ ታሪኩ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ኢማም አሕመድ ዘመን ጦርነት ይወስደናል፤ ከሠራዊቱ ፈረሶች የቀሩት ወደ ተራራው ወጥተው በዚያው ተራቡ ይባላል። አፈ ታሪኩ ትክክል ሆነም አልሆነ፣ የዛሬዎቹ ፈረሶች የለማዳ ፈረሶች ዘር መሆናቸው አያጠራጥርም። የአገራችንን ፈረሶች ያጠኑት ኤፋ ከፈናና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ሲከፍሉ የአቢሲንያ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የሰላሌና የኦጋዴን ካሏቸው ጎን የቁንዱዶን የዱር ፈረስ ራሱን ችሎ አስቀምጠውታል። ሌሎቹ ሰባቱ በሰው እጅ ያሉ ናቸው። የቁንዱዶው ብቻ ባለቤት የለውም፤ ቁጥሩም ከሁሉ ያነሰ፣ ለመጥፋት የቀረበ ነው።

ስለዚህ መንጋ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ቀሩ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የመንጋውን ጤና አይነግረንም። ፈረስ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። አንድ መንጋ አንድም ውርንጭላ ሳያሳድግ ለዓመታት በዓይን ሲታይ ሙሉ መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ አሮጌዎቹ በተከታታይ ሲሞቱ በአጭር ጊዜ ያልቃል። መጠየቅ ያለበት «ዘንድሮ ስንት ተወለደ፣ ካምናው ውስጥስ ስንቱ ዓመት ሞላው?» ነው። የመንጋ አስተዳደር የሚባለው ነገር ሁሉ፣ ጥበቃውም ግጦሹም ቆጠራውም፣ የሚመዘነው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የባዝራን አወላለድ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው፤ የምትወልደው አንድ ነው፤ መንታ ብትፀንስም ሁለቱም በሕይወት የሚተርፉት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ሌሊት፣ አካባቢው ጸጥ ሲል፣ ከመንጋው ትንሽ ራቅ ብላ ነው። የሽርት ውኃዋ ከፈሰሰ በኋላ ነገሩ ፈጣን ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። በመጀመሪያ ሁለት የፊት እግሮች ይወጣሉ፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ቀደም ይላል፤ ይህም ትከሻው ጠቦ እንዲያልፍ ነው። አፍንጫው በጉልበቶቹ ላይ ተጋድሞ ይከተላል። የሰኮናው ጫፍ የእናቱን ማህፀን እንዳይቀድ በለስላሳ ቢጫማ ሽፋን ተሸፍኗል፤ ውርንጭላው ቆሞ መሄድ ሲጀምር ያ ሽፋን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ረግፎ ይጠፋል። የእንስሳት ሐኪሞች ጤነኛውን የሚለዩበት ቀላል መለኪያ አላቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ የእናቲቱ የእንግዴ ልጅ ይወጣል።

ከሦስቱ ከባዱ መጥባቱ ነው። የሰው ልጅ ገና በማህፀን ሳለ ከእናቱ ደም በሽታ የመከላከል ኃይል ይቀበላል። ውርንጭላ ግን የእናቱ የእንግዴ ልጅ አሠራር ይህን ስለማያሳልፍ ያለ ምንም መከላከያ ይወለዳል፤ ተስፋው እንገሩ ብቻ ነው። እንገሩንም አንጀቱ እንደ መከላከያ ወደ ደም ማሳለፍ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ አንድ ቀን ካለፈ በሩ ይዘጋል። ቢጠባም ከዚያ በኋላ ምግብ እንጂ መድኅን አይሆነውም። እንግዲህ በዚያ ሌሊት ወይም ንጋት ውሻ ቢያባርራት፣ ሰው ሊያይ ወይም ሊይዝ ቢጠጋ፣ እናት ስትሸሽ ውርንጭላው ሳይጠባ ይውላል። ሲታይ ደህና ነው፤ ይሮጣል፤ ከቀናት በኋላ በእትብቱ በኩል በገባ ተውሳክ መገጣጠሚያው አብጦ ይሞታል። የቁንዱዶ ዓይነት መንጋን የሚያስተዳድር ሰው የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ሌሎችን ከሚወልዱት ባዝራዎች ማራቅ ነው፤ ራሱንም ጨምሮ። በከተማ ጓሮ ያለ ባለ ፈረስ ባዝራው ስትወልድ እትብቱን በመድኃኒት መንከር፣ ደካማውን አንስቶ ጡት ማስያዝ ይችላል፤ ይገባዋልም። አምባው ላይ ግን ለመርዳት የሚሮጥ እጅ ከጅብ ያላነሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እናስላው። ለምሳሌ ያህል ስድስት ለመውለድ የደረሱ ባዝራዎች ያሉትን መንጋ እንውሰድ። በዱር የምትኖር ባዝራ ሣር ሲያንስና ስታጠባ ስትከሳ በየዓመቱ አትወልድም፤ በሁለት ዓመት አንዴ ብንል ሦስት ውርንጭላ በዓመት ይወለዳል። የሐረርጌ ጅብ ዝናው ከአገር ያለፈ ነው፤ አንዱን ቢወስድ፣ ሌላውን ለጋሪ ወይም ለጭነት የሚፈልግ ሰው ቢይዘው፣ የሚቀረው አንድ ነው። ያም ወንድ ሊሆን ይችላል፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ድንጉላ ያባርረውና ከሌሎች ጎረምሶች ጋር ይከርማል እንጂ ለመንጋው ወላጅ አይጨምርም። አንድ ውርንጭላ ማጣት በትልቅ መንጋ ኪሳራ ነው፤ በዚህ ዓይነቱ መንጋ ውስጥ ግን የአንድ ዓመት ትውልድ ማጣት ሊሆን ይችላል። የዝምድና ጋብቻውም ጉዳት በዚሁ ላይ ይጨመራል። ጥቂት ባዝራዎችን አንድ ድንጉላ ለዓመታት ከያዘ የሚወለዱት ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ይሆናሉ፤ ሄደው የሚቀላቀሉት ሌላ መንጋ የለም፤ ዙሪያው ገደልና እርሻ ነው።

በተከለለ ቦታ የሚኖር መንጋን የማስተዳደር ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በደሴቶች ላይ የሚኖሩ ፈረሶች ያሏቸው አገሮች ቀድመው ተጋፍጠውታል፤ መልሳቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ አሳቲግ የምትባል ረጅም የአሸዋ ደሴት አለች፤ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ግዛቶች ወሰን በመካከሏ ያልፋል፤ ትናንሾቹን ፈረሶችም አጥር ለሁለት ይከፍላቸዋል። በቨርጂኒያ በኩል ያለው መንጋ የቺንኮቲግ ከተማ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ማኅበር ነው፤ ከ150 አዋቂ ፈረስ እንዳይበልጥም ገደብ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ፈረሰኞች መንጋውን ሰብስበው ጠባቡን ባሕር በዋና ያሻግሩታል፤ በማግስቱ ውርንጭሎች በጨረታ ይሸጣሉ። የሚዋኙት ማዕበሉ በሚረጋባት አጭር ጊዜ ነው፤ በጣም ትንንሾቹ በመኪና ይሻገራሉ፤ ከጡት ለመለየት ያልደረሱት ቢሸጡም እስከ መኸር ከእናታቸው ጋር ይቆያሉ። አንዳንዱ ገዢ ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ ውርንጭላውን መልሶ ለደሴቱ ይሰጣል። በሜሪላንድ በኩል ጨረታ የለም፤ የብሔራዊ ፓርኩ ሠራተኞች ከ1994 ጀምሮ ባዝራዎችን ከርቀት በሚወረወር መርፌ የወሊድ መከላከያ እየከተቡ ቁጥሩን ቀንሰዋል። በካናዳዋ ሴብል ደሴት ደግሞ ወደ 500 የሚጠጉ ፈረሶች አሉ፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ማንም እንዳይነካቸው በሕግ ተከልክሏል፤ ቢታመሙም አይታከሙም።

ከሦስቱ አንዱን ቀድቶ ቁንዱዶ ላይ መለጠፍ ስህተት ይሆናል። የአሳቲግ ሰዎች ጭንቀት መብዛት ነው፤ ደሴቷ ከምትችለው በላይ ውርንጭላ ይወለዳል። የእኛ ጭንቀት ማነስ ነው። ልንማርባቸው የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም የአሳቲግ ወገኖች የመንጋቸውን ቁጥር ይቆጣጠራሉ፤ ሁለቱም ቁጥሩን የሚያስተካክሉት አዋቂውን በመግደል ሳይሆን በውርንጭላው በኩል ነው።

«ተፈጥሮ ያውቅበታል፤ እንተወው» የሚሉ ሴብልን ምስክር ይጠራሉ። ሴብል ግን 500 ፈረስ አላት፤ ሥጋ በል አውሬ የለባትም፤ ሣሯን የሚጋራ ከብት፣ መሬቷን የሚያርስ ገበሬ የለም። እዚያ አለመንካት ጥበቃ ነው። ቁንዱዶ ላይ ግን ዝም ማለት መንጋውን ለጅብ፣ ለገመድና ለማረሻ መተው ነው። ባለቤት የሌለውን ፈረስ ነፃ ነው ብሎ መተው ምን እንደሚያስከትል የኮልፌ ሰው ከቀለበት መንገዱ ዳር ያየዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕግ በኩል የሚመጣ ነው፤ ጠንካራም ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚመለከተው ለማዳ ያልሆነን እንስሳ ነው። የቁንዱዶ ፈረስ ዘሩ ለማዳ ነው፤ በአፋር እንደሚገኘው የዱር አህያ ከጥንቱም ዱር ሆኖ የኖረ አይደለም። ታዲያ ለአህያው እንኳን ያልበቃ ገንዘብ ለጠፋ ፈረስ ለምን ይውላል? የዱር አህያው ቅድሚያ እንደሚገባው እኔም አልክድም። ነገር ግን ፈረሱ የዱር እንስሳ ባይሆን የአገር ዝርያ ሀብት ነው፤ ለዚህም የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፤ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለን። ለብዙ ትውልድ ያለ መኖ፣ ያለ መድኃኒት፣ በከፍታ፣ ከጅብ ጋር ኖሮ የተረፈ ደም በጋሪ ፈረሶቻችን ውስጥ የማይገኝ ጥንካሬ ሊኖረው ይችላል። ከጠፋ በኋላ የምናጠናው ነገር አይኖርም።

«እንግዲያው አውርደን በአጥር ውስጥ እናርባቸው» የሚል ሐሳብም ይነሳል። ለጥቂቶች፣ ለመጠባበቂያ ያህል፣ ሊያስኬድ ይችላል። መንጋውን በሙሉ ማውረድ ግን ልዩ ያደረገውን ኑሮ ማጥፋት ነው፤ ውርንጭላ ውኃው የት እንዳለ፣ በጭጋግ ጊዜ የት እንደሚጠለል የሚማረው እናቱን በመከተል ነው፤ ይህ እውቀት አንድ ትውልድ ካቋረጠው ተመልሶ አይመጣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የገበሬው ጥያቄ ነው። የቁንዱዶ አካባቢ ሰው ከብት አለው፤ ሣሩ ለእርሱም ሀብቱ ነው፤ ፈረሶቹ ደግሞ ለእርሱ ወተትም ሥጋም ጉልበትም አይሰጡም። በዚህ ሰው ላይ ክልክል ብቻ ጭኖ የሚቆም ጥበቃ አይዘልቅም። ፈረሶቹን ከማንም በፊት የሚያያቸው፣ የትኛዋ ባዝራ እንደከበደች የሚያውቀው የአካባቢው እረኛ ነው፤ ጠባቂውም ቆጣሪውም እርሱ ይሁን፤ ደመወዝ ይከፈለው። ክፍያውም ከተያዘ ፈረስ ሳይሆን ዓመት ከሞላው ውርንጭላ ጋር ይያያዝ። ከጉብኝት የሚገኝ ገቢ ካለ ቀበሌው ይካፈለው። የሚወልዱት ባዝራዎች ማደሪያ የሆነው የሜዳው ክፍል በመውለጃ ወራት ከከብትና ከውሻ ይከለል፤ ሜዳው በሙሉ መዘጋት የለበትም። የቀሩት ድንጉላዎች ሁሉ ወንድማማቾች መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ከፀጉራቸው ናሙና ተወስዶ ዝምድናቸው ይመርመር፤ ከዚያ በኋላ ስለ አዲስ ደም መነጋገር ይቻላል።

ይህ ሁሉ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ ተጠያቂ ግን ይጠይቃል። ዛሬ መንጋው በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል የሚወድቅ ነው፤ ለዱር እንስሳት ለማዳ፣ ለግብርና ዱር። ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከኦሮሚያ ክልልና ከጉርሱም ወረዳ ጋር ሆኖ መንጋውን በስሙ ይመዝግብ፤ በየዓመቱም የተወለዱትንና ዓመት የሞላቸውን ቁጥር ለሕዝብ ያሳውቅ። እናንተም ተራራውን ለማየት የምትወጡ ሁሉ፣ ከባዝራ ጎን ትንሽ ውርንጭላ ካያችሁ ባላችሁበት ቁሙ፤ ከሩቅ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ለወረዳው ንገሩ፣ ተመለሱ።