ቅርጫ፣ ዕጣና ተራ፦ በሬን የመካፈል ሒሳብ

በፋሲካ ዕለት ማለዳ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪደርስ ድረስ በየመንደሩ አንድ ዓይነት ትዕይንት ያጋጥመዋል። ስምንት ወይም ዐሥር የሚሆኑ አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተው የገዙትን በሬ አርደው፣ በለምለም ቅጠል ላይ ሥጋውን በየመደቡ ይደለድላሉ። ብዙውን ጊዜ ሚዛን የለም፤ መዝገብ የለም፤ ያለው ዐይንና እጅ ብቻ ነው። ሆኖም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሁሉም ድርሻውን ይዞ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

ቅርጫን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እምብዛም አይኖርም። በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ፣ እያንዳንዱ በየበዓሉ፣ የሚፈጽመው የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ ከባድ ጥያቄ መኖሩን ብዙዎቻችን ልብ ብለን አናውቅም። ሥጋውን የሚመድበው ሰው ራሱ ከተካፋዮቹ አንዱ ነው፤ ሰጪም ተቀባይም እርሱ ነው። ታዲያ ለራሱ እንዳያደላ የሚከለክለው ምንድን ነው? ጨዋነቱ ነው ብንል፣ ጨዋነት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ቅርጫ ግን ከመንደር መንደር፣ ከዘመን ዘመን ሲሠራ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ መልሱን በሒሳብ ውስጥ ለመፈለግ እንሞክራለን።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ እያመረተ ለሚኖር ብዙ ቤተሰብ ብቻውን በሬ ገዝቶ ማረድ ከዐቅም በላይ ነው። ሥጋ ወደ ቤቱ የሚገባው ጎረቤቶቹ አምነውት፣ እርሱም አምኗቸው ሲተባበሩ ነው። በአንድ በዓል «ተበደልሁ» ብሎ ያኮረፈ ሰው በሚቀጥለው በዓል አይመጣም። እርሱ ሲቀር የሌሎቹ መዋጮ ከፍ ይላል፤ መዋጮው የከበደበት ሁለተኛ ሰው ሲወጣ ደግሞ ማኅበሩ ይፈርሳል። እንግዲህ የክፍፍሉ ፍትሐዊነት የማኅበሩ ምሰሶ ነው ማለት ነው።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

ቅርጫ በሦስት ደረጃዎች የሚከናወን ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ሥጋው በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፤ ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ጎድኑ፣ ታላቁ፣ ታናሹ፣ ፍሪምባው፣ ወርቹ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው። ከዚያም እያንዳንዱ ዓይነት በተካፋዮቹ ቁጥር ተቆርጦ በየመደቡ ላይ ይቀመጣል። በሁለተኛው ደረጃ ተካፋዮቹ መደቦቹን ዞረው ያያሉ፤ «ይህ አንሷል፣ ያኛው በዝቷል» ይባባላሉ፤ ከበዛው ተነሥቶ ያነሰው ይሟላል። በሦስተኛው ደረጃ ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ ሰው ቅጠል፣ ጠጠር፣ እንጨት ወይም ቁልፍ ይሰጣል፤ የተሰበሰበውን ዕቃ የማን የማን እንደ ሆነ ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ልጅ፣ አንድ አንዱን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕቃውን ያገኘበት መደብ የባለ ዕቃው ድርሻ ይሆናል።

በየዓይነቱ መክፈል ለምን አስፈለገ?

ለአንዱ የኋላ እግሩን፣ ለሌላው ጎድኑን ሰጥቶ መገላገል ይቻል ነበር። ድካም የበዛበት መንገድ ለምን እንደ ተመረጠ በምሳሌ እንመልከት። የሚከፈለው ሥጋ 130 ኪሎ ግራም፣ ተካፋዮቹም ዐሥር ናቸው እንበል። የእያንዳንዱ ድርሻ 13 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሥጋው በስምንት ዓይነት ተለይቶ ሲመደብ፣ መዳቢው በእያንዳንዱ ዓይነት 100 ግራም ያህል ከልኩ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ፣ የአንድ መደብ ጠቅላላ ስሕተት ስንት ይሆናል?

800 ግራም የሚል መልስ የሚሰጡ አንባብያን ይኖራሉ። ነገር ግን የአንዱ ስሕተት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ፣ በሻኛው የበዛለት መደብ በጉበቱ ሊያንስበት ይችላልና ስሕተቶቹ እርስ በርሳቸው ይቻቻላሉ። የዕድል ሒሳብ እንደሚያስተምረን እንዲህ ያሉ ስሕተቶች የሚያድጉት በቁጥራቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ዳግም ዘር ልክ ነው። የስምንት ዳግም ዘር 2.83 ያህል ስለ ሆነ፣ የሚጠበቀው የስሕተት መጠን 283 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከድርሻው 2 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። በሁለተኛው ደረጃ የሚደረገው ማሟላት ደግሞ ይህንኑ ይበልጥ ያጠበዋል።

ዕጣው ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። መዳቢው አታላይ ነው እንበል። ከዘጠኙ መደቦች እኩል እኩል እየቀነሰ በአንደኛው መደብ ላይ 1 ኪሎ ግራም ጨመረ። ያ መደብ 14 ኪሎ ግራም፣ የቀሩት ግን እያንዳንዳቸው 12.89 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኑ። መዳቢው መደቡን ራሱ የሚመርጥ ቢሆን ኖሮ 1 ኪሎ ግራም በተረፈው ነበር። ዕጣ ከተጣለ ግን የበዛውን መደብ የማግኘት ዕድሉ ከዐሥር አንድ ነው፤ ያነሰውን የማግኘት ዕድሉ ከዐሥር ዘጠኝ ነው። የሚጠብቀውን ድርሻ ስናሰላ 14 ሲባዛ በ0.1 1.4 ይሆናል፤ 12.89 ሲባዛ በ0.9 ደግሞ 11.6 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 13 ኪሎ ግራም ይመጣል። ይህ ሳያታልል ከሚያገኘው ጋር ፍጹም እኩል ነው! ማታለሉ ድካም እንጂ ትርፍ አልሆነለትም፤ ከዐሥር ዘጠኝ ጊዜ እንዲያውም ጎጂው ለራሱ ነው።

የቅርጫ ምሥጢር ይህ ነው። ሥርዓቱ መዳቢው ደግ ሰው እንዲሆን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው እንዳያውቅ ብቻ ነው። ይህን ባለማወቁ ምክንያት የራሱን ጥቅም የሚያስብ ሰው እንኳ ሁሉንም መደብ እኩል ማድረግ ይሻለዋል። ዕጣ የሚጥለው ሰው ዕቃው የማን እንደ ሆነ እንዳያውቅ መደረጉም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዛሬ በሕክምና ምርምር መድኀኒቱን የሚሰጠውም የሚቀበለውም ሰው የትኛው እውነተኛው መድኀኒት እንደ ሆነ እንዳያውቁ የሚደረግበት ጥንቃቄ የዚህ ዘመድ ነው።

ይሁን እንጂ ዕጣ ብቻውን አይበቃም። አንዱ መደብ 30 ሌላው 5 ኪሎ ግራም ቢሆንና ዕጣ ቢጣል፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሁሉም እኩል ዕድል አለው፤ ከወጣ በኋላ ግን ብዙዎቹ አዝነው ይሄዳሉ። ቅርጫ ሁለቱንም ያጣምራል፤ በመጀመሪያ መደቦቹን ያስተካክላል፣ ከዚያም ዕጣ ይጥላል። ስለዚህ ከዕጣው በፊትም ሆነ በኋላ ፍትሕ አይጎድልም።

ከሊቮፍ እስከ ዛሬ

ሁለት ቤተሰቦች አንድ መደብ በጋራ የወሰዱ እንደ ሆነ ዕጣም ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። አብርሃም ከሎጥ ጋር ምድሪቱን ሲካፈል ምርጫውን ለሎጥ መተዉን ከኦሪት እናውቃለን። ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ሄሲዮድ ደግሞ ፕሮሜቴዎስ በሬ አርዶ በሁለት እንደ ከፈለና ዜውስን እንዳስመረጠ ይተርካል። ፕሮሜቴዎስ ግን አጥንቱን በሚያብረቀርቅ ስብ፣ መልካሙን ሥጋ በጨጓራ ሸፍኖት ነበር። ከዚህ የምንማረው ከፋዩ የሚያውቀውን መራጩ ካላወቀ ዘዴው እንደሚከሽፍ ነው። የቅርጫ መደብ በቅጠል ላይ ተዘርግቶ ለሁሉም ዐይን ክፍት የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ተካፋዮቹ ከሁለት ሲበልጡ ምን ይደረጋል? ጥያቄውን በሒሳብ መልክ ያቀረበው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሁጎ ሽታይንሃውስ ነው። ለማንኛውም ቁጥር የሚሆነውን መፍትሔ ያገኙት የሊቮፍ ከተማ ባልደረቦቹ ስቴፋን ባናኽና ብሮኒስዋቭ ክናስተር ሲሆኑ፣ ሽታይንሃውስ ሥራውን በ1948 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በዘዴው መሠረት የመጀመሪያው ሰው ልክ ድርሻ ነው ብሎ የሚያምነውን ይቆርጣል፤ የቀሩት በተራ እያዩ «በዝቷል» ያለ ሰው ከላዩ ይቀንሳል፤ መጨረሻ የቀነሰው ሰው ያንኑ ይወስዳል። በቅርጫ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከሚደረገው «በዝቷል፣ አንሷል» ጋር ያለውን መቀራረብ አንባቢ ያስተውል።

ልክ ድርሻ ማግኘት ግን የሰውን ድርሻ አለመመኘት ማለት አይደለም። ማንም በማንም የማይቀናበት ክፍፍል ለሦስት ሰዎች በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ በጆን ሰልፍሪጅና በጆን ኮንዌይ በየፊናቸው ተገኘ። ለማንኛውም ቁጥር የሚሆነው ዘዴ በስቲቨን ብራምስና በአለን ቴይለር በ1995 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ይሁንና የሚፈጀው የቁርጥ ብዛት ወሰን አልነበረውም። ወሰን ያለው ዘዴ በሃሪስ አዚዝና በሳይመን ማኬንዚ የተገኘው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ላይ ቅርጫ ሌላ ብልኀት አለው፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ መለዋወጥ አይከለከልም። ጥርሳቸው የደከመ አዛውንት ጎድናቸውን ሰጥተው ጉበት ቢቀበሉ፣ ማንም ሳይጎዳ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

የማይቆረጠው ነገር

ሥጋ ይቆረጣል፤ ቆዳው ግን ቢቆረጥ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ቆዳው ይሸጥና ገንዘቡ ይካፈላል። መሸጥ የማይቻል ሲሆን የሚቀረው መንገድ ተራ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን በአሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣና «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል ጨዋታ አለ። ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአንድ የጨዋታ መሪ በሚተረክ ታሪክ ውስጥ የጀግና ሚና ይይዛሉ፤ ሰይፍ፣ ጋሻና ቀለበት የመሰለ ሀብትም ያገኛሉ። መሪነቱ በየሳምንቱ የሚዞር ከሆነ ግን የቅርጫው ጥያቄ እንደ ገና ይነሣል፤ የዛሬው ሰጪ የነገ ተቀባይ ነው፤ እንደ ፕሮሜቴዎስም የተሸፈነውን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። መድኀኒቱም ያው ነው፤ የሀብቱ ምንነት ለሁሉም ይገለጥ፣ መሪው በዚያ ዕለት አይውሰድ፣ ሌሎቹ በተራ ይምረጡ።

ተራም ቢሆን ሒሳብ አለው። ዋጋቸው 10፣ 8፣ 6 እና 4 የሆኑ አራት ዕቃዎችን ሁለት ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ቢመርጡ፣ ቀዳሚው 16፣ ተከታዩ 12 ያገኛሉ። ተከታዩ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አከታትሎ ቢመርጥና የመጨረሻው ለቀዳሚው ቢተው ግን ሁለቱም 14 ያገኛሉ።

በደባርቅ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ እንጀራ ነው። ከተማዋ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። አስጎብኚዎችና በቅሎ ነጂዎች ሥራውን በተራ ይካፈላሉ። ጉዞው ግን እኩል አይደለም፤ ሳንቃበር ደርሶ የሚመለስ ጎብኚ አለ፤ ራስ ደጀን ድረስ የሚዘልቅም አለ። ለምሳሌ ሦስት በቅሎ ነጂዎች ስድስት ጉዞዎች በቅደም ተከተል መጡላቸው እንበል፤ የ3፣ የ9፣ የ3፣ የ3፣ የ9 እና የ3 ቀን። ተራው ዝም ብሎ ቢዞር አንደኛው 6፣ ሁለተኛው 18፣ ሦስተኛው 6 ቀን ይሠራሉ። ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ወጥተዋል፤ ድርሻቸው ግን በሦስት እጥፍ ይለያያል። የመጣውን ጉዞ ሁልጊዜ እስከዚያ ድረስ ጥቂት ቀን ለሠራው ብንሰጥ ግን 9፣ 9 እና 12 ቀን ይደርሳቸዋል። በዚህ ዘዴ በብዙ የሠራውና በጥቂት የሠራው መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ረጅም ጉዞ በፍጹም ሊበልጥ አይችልም። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ጎብኚውን ባራቁ ጊዜ እንደ ታየው፣ ሥራ ሲያንስ ተራ ይበልጥ ይከብዳል። ብዙ በሚገኝበት ወቅት ችላ የምንለው ስሕተት በችግር ጊዜ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

በቋንቋችን «ዕጣ ፈንታ» ስንል በሰው እጅ ያልሆነውን ዕድል ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ድርሻንም የሚናገር ነው። የሰሜን ገበሬ በፋሲካ ማለዳ በቅጠል ላይ የሚያሳየን፣ ድርሻችን ለዕጣ ከመተዉ በፊት መደቡን በትክክል ማደላደል የእኛ ሥራ መሆኑን ነው። ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው በዓል የቅርጫ ተካፋይ ስትሆኑ ሕፃኑ በመደቡ ላይ ጠጠሩን ሲያስቀምጥ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ።