ባለ 6 አሃዙን ኮድ ለማንም አትስጡ
ኡም ራኩባ ከማስተምራቸው ልጆች የአንዱ እናት ሰሞኑን ዋትሳፓቸውን ተሰረቁ። አንዱ «የካናዳ ፎርም ልሙላልዎት፣ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይላኩልኝ» አላቸው፤ ላኩለት። ቁጥሩ እኮ የፎርም አይደለም! ዋትሳፕን በእሳቸው ቁጥር ሌላ ስልክ ላይ የሚከፍት ኮድ ነው። ወዲያው ገዳሪፍ ላሉት ዘመዶቻቸው በእሳቸው ስም «ታምሜያለሁ፣ በባንካክ ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል መልእክት ደረሳቸው።

የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ በነፃ ነው፤ ለፎርም ብሎ የዋትሳፕ ኮድ የሚጠይቃችሁ ሰው ሌባ ነው። የካርዳችሁንም ፎቶ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ።

አሁኑኑ ሴቲንግ፣ ከዚያ አካውንት ውስጥ ገብታችሁ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩና የራሳችሁን ፒን አስገቡ። ኮዱ ቢወሰድ እንኳ ያለ ፒኑ አይገባም።

ከተሰረቃችሁ ደግሞ ሲሙ በእጃችሁ ነውና በቁጥራችሁ እንደገና ግቡ፤ አዲስ ኮድ ሲመጣላችሁ አስገቡት፣ ሌባው ይወጣል። እሱ ፒን ቀይሮባችሁ ከሆነ ግን 7 ቀን መጠበቅ ነው፤ እስከዚያው ለዘመድ ሁሉ ደውላችሁ አስጠንቅቁ።